የጋሽ ኪራኮስ ሕንድኛ

ጥር ላይ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው የአረጋውያን መዋያችን የውኃ ቧንቧ በብርድ ፈነዳና የክፍሉ ኮርኒስ ወረደ። እሑድ ስለነበር ሰው አልተጎዳም። የተጎዳሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ ሱፐርቫይዘሬ ኮል አደረገችኝና፣

«ፀዳለ፣ እስኪጠገን ድረስ የአሌክሳንድሪያዎቹን ሲልቨር ስፕሪንግ አንቺ ጋ እናምጣቸው» አለችኝ።

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ ሰባት።»

«እኔ ጋ እኮ ሃያ ሁለት አሉ። ክፍሉ ደግሞ የሃያ አምስት ሰው ነው።»

«ለትንሽ ጊዜ ነው» አለችና ዘጋችው። «ለትንሽ ጊዜ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አሥራ አራት ዓመት ስሠራ አውቄዋለሁ።

መዋያችን ልጆቻቸው ሥራ ሲሄዱ ብቻቸውን ቤት እንዳይቀሩ አዛውንቶች የሚውሉበት ነው። ጠዋት በቫን እናመጣቸዋለን። ቁርስ ይበላሉ፣ ነርሷ ግፊታቸውን ትለካለች፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጅና እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። የሲልቨር ስፕሪንጎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ከአሌክሳንድሪያ የመጡት ግን የሚበዙት ኤርትራውያን ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛዎቹን እያፈራረቅሁ አሰባጥሬ አስቀመጥኳቸው። ቡና አምጥቼ ስመለስ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተጎትተው፣ መሐል ላይ ሰው የማይረግጠው ባዶ መንገድ ተፈጥሯል። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፣ ማንኪያ ለማንሳት እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎች ያንን ሁሉ ጠረጴዛ እንዴት እንደጎተቱት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ የሪሞት ጠብ መጣ። ዜና ሲከፈት አንዱ ወገን ይሳደባል፤ ሲቀየር ሌላው ይነሳል። በሁለተኛው ሳምንት «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ዜና የሚባል ነገር የለም!» ብዬ ሪሞቱን ኪሴ ከተትኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ወገን ተስማሙ። ጠላታቸው እኔ ሆንኩ።

ከሁሉም ያሰለቹኝ አቶ ዑቅባዝጊ ናቸው። ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ማንንም የማያናግሩ ሰው። ፎርማቸው ላይ «ቋንቋ፦ ትግርኛ ብቻ» ይላል። እኔ ደግሞ ትግርኛ አልችልም። መድኃኒት ወስደው እንደሆነ ለመጠየቅ ልጃቸውን ሥራ ቦታ መደወል ነበረብኝ፤ ልጅቷ ስልኩን ስታነሳ ገና በድምፅዋ ታመናጭቀኛለች። ወይም ደግሞ ከጎናቸው የሚቀመጡት አደይ ለተኪዳን ያስተረጉሙልኛል። እሳቸው ግን እኔ የተናገርኩት አንሶባቸው ይሁን አላውቅም፣ አንድ ቃል ስል እሳቸው አምስት ደቂቃ ያወራሉ፤ ከዚያ «አልወሰደም» ይሉኛል። አስተርጓሚ በማይኖርበት ጊዜ በምልክት ነው። ሽንት ቤት መሄድ ይፈልጉ እንደሆነ ለመጠየቅ ሰው ፊት የሠራሁትን ምልክት እዚህ አልናገረውም።

በሌላው ወገን ደግሞ ጋሽ ኪራኮስ አሉልኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ላንግሊ ፓርክ ከልጃቸው ከርብቃ ጋር ይኖራሉ። በወጣትነታቸው መርካቶ አጠገብ በነበረ ሲኒማ ቤት የሕንድ ፊልም አስተርጓሚ ነበሩ። ያኔ ፊልሙ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ የለም፤ ሰው ከመጋረጃው ጎን ቆሞ ተዋናዮቹ የሚሉትን ጮክ ብሎ ለተመልካቹ ይነግራል። ጋሽ ኪራኮስ ይህን ሥራ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። ከኛ ሰዎች መሐል ፊልም ያዩት እሳቸው ሲያስተረጉሙ እንደሆነ የሚምሉ አሉ። «ሕንድኛን እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው» ይላሉ ወይዘሮ ልሳነወርቅ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

ፊልም እናሳያቸው ያለኝ የቫን ሹፌራችን ኢክባል ነው። ኢክባል ሕንድ ድንበር አጠገብ ያለችው የላሆር ሰው ነው፤ ውድብሪጅ የእኔ ጎረቤት ነው። «አንድ የሕንድ ኮሜዲ አለ፤ ስለ እኛና ስለ እነሱ ነው፤ ሚስቴ ከሳቅዋ ብዛት አለቀሰች» አለኝ። ታሪኩንም ነገረኝ። ሁለት ጎረቤት አገሮች ድንበር ሲከለሉ መስመሩ በአንድ ሲኒማ ቤት አዳራሽ መሐል ያልፋል። ወንበሮቹና የፊልም ማሽኑ በአንደኛው አገር፣ መጋረጃው በሌላኛው አገር ይቀራሉ። ባለቤቱ ፊልም ማሳየት ሲፈልግ የማሽኑ ብርሃን ድንበር መሻገር ሊኖርበት ነው፤ የሁለቱም አገር ወታደሮች ብርሃን ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ አያስፈልገውም እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ጸጥታ አገኛለሁ ብዬ እሺ አልኩ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ጋርጄ ፊልሙን ከፈትኩ። የግርጌ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። ወዲያው ወይዘሮ ልሳነወርቅ «ጋሽ ኪራኮስ፣ ይነሱ እንጂ!» አሉ። ጋሽ ኪራኮስ ጥቂት ተግደረደሩና ኮታቸውን ቆልፈው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ የወጣው ድምፅ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ይኼ ባለ ሪዙ መኮንን የልጅቷ አጎት ነው! ‹ያባቴን መሬት የቀማኸኝ አንተ ነህ፤ ዛሬ እጄ ገባህ› ይለዋል! ይኼኛው ደግሞ፣ ‹ልጅቷን ዳርልኝና መሬትህን ውሰድ!›»

የግርጌ ጽሑፉን አየሁት። «ብርሃኑን አጥፋው፤ ፈቃድ የለውም» ነው የሚለው። ጋሽ ኪራኮስን አየኋቸው። ዝም አልኩ። ምክንያቱም ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ጸጥ ብሎ ወደ አንድ ቦታ እያየ ነበር። አደይ ለተኪዳን እንኳን አፋቸውን ይዘው «ዋይ ኣነ!» ይላሉ። ይህን ላበላሽ እኔ አብጃለሁ?

ጋሽ ኪራኮስ የልጅቷን እናት በመርዝ ሊገድሏት ሲሉ ከኋላ ወንበር ወደቀ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! እንዲህ አላለም!»

ዞርን። አቶ ዑቅባዝጊ ቆመዋል። ጣታቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ቀስረዋል።

«አጎት የለም! መሬት የለም! ሰውዬው ያለው ‹ብርሃኑ ያለ ፓስፖርት ገብቷል› ነው! ሴትዮዋን ማንም አልመረዛትም፤ ሻይ ነው የጠጣችው!»

እንዲህ ያለ አማርኛ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። መርካቶ ያደገ ሰው አማርኛ፣ ቅላጼው ሳይቀር።

«አቶ ዑቅባዝጊ» አልኩ፣ «አማርኛ ይችላሉ?»

«እችላለሁ» አሉኝ፣ ሰዓት የጠየቅኳቸው ይመስል። ያ ሁሉ ስልክ፣ ያ ሁሉ ምልክት ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን እኔን ረስተውኛል። «ይኼ ሰውዬ ሕንድኛ አያውቅም። ያኔም አያውቅም ነበር። እኔ መርካቶ ሕንድ ጨርቅ ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍዬ እየገባሁ ይኼው ሰውዬ ሲዋሽ ስሰማ ነው ወጣትነቴ ያለቀው!»

በሩ ላይ ለቆመው ኢክባል በሕንድኛ የሆነ ነገር አሉት። ኢክባል ቀጥ ብሎ ቆመና በአክብሮት መለሰላቸው። ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ፀዳለ፣ ሰውዬው የሚናገረው እንደ አያቴ ነው» አለኝ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች ይጨፍራሉ።

«ጋሽ ኪራኮስ» አሉ ወይዘሮ ልሳነወርቅ ቀስ ብለው፣ «እውነት ነው እንዴ? ያ ሁሉ ፊልም?»

ጋሽ ኪራኮስ ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀመጡ። ቫን እስኪመጣ ድረስ ከዚያ አልተነሱም።

በማግስቱ ቀሩ። ሰኞም ቀሩ። ማክሰኞ ርብቃ ደወለችልኝ። «ምን አደረጋችሁት? ከአልጋው አልነሳም አለ፤ ቲቪ እንኳ አታብሩብኝ አለ።» እኔ ምን ልበላት? አባትሽ ለሃምሳ ዓመት የዋሸው ተገለጠበት ልበላት?

መዋያው ውስጥ ደግሞ የከፋ ነገር መጣ። የፊልሙ ግማሽ ገና አልታየም፤ ሰዉ መጨረሻውን ካላየን አለ። አስተርጓሚው አቶ ዑቅባዝጊ ሆኑ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙና በአማርኛም በትግርኛም በትክክል ያስተረጉሙ ጀመር።

«ወታደሩ ‹እንደምን አደርክ› አለ። ሰውዬው ‹ደኅና› አለ። ወታደሩ ‹ማሽኑን ወደ ግራ አዙረው› አለ። አሁን እየዘፈነች ነው። ‹ጨረቃ፣ ጨረቃ› ነው የምትለው።»

ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ከዚያ ወይዘሮ ልሳነወርቅ፣ «ይኼ ፊልም ነው ወይስ የቀበሌ ስብሰባ?» አሉ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አደይ ለተኪዳን በትግርኛ ጨመሩበት፤ ምን እንዳሉ ባላውቅም ሁለቱም ወገን ሳቀ። አቶ ዑቅባዝጊ ትክክል መሆናቸውን ደጋግመው አስረዱ። ማንም ትክክል አይደሉም አላላቸውም። እያንቀላፉባቸው ነው እንጂ። እሳቸውም ራሳቸው መሐል ላይ አቋርጠው ተቀመጡና ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ዓርብ ከሰዓት ኮቴን ስለብስ አቶ ዑቅባዝጊ ቫኑን ትተው መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ቤቱን ታውቂዋለሽ?»

«የማንን ቤት?»

«የውሸታሙን።»

ሕጉ ተገልጋይ በግል መኪና መጫን አይፈቅድም። ይህን ነገርኳቸው። ኢንሹራንሱን ነገርኳቸው። ዓርብ የቤልትዌይ የመኪና መጨናነቅ ምን እንደሚመስል፣ ከላንግሊ ፓርክ አሌክሳንድሪያ አድርሻቸው ከዚያ ውድብሪጅ እስክገባ ልጆቼ ራት ሳይበሉ እንደሚተኙ ነገርኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «ጨረስሽ? እንሂድ» አሉኝ። ለልጃቸው ደወልኩ። «ይውሰዱት፤ እንደ ፈለገ ያድርግ» አለች። ከአባቷ ጋር ስንት ዓመት እንደኖረች ከድምፅዋ ገባኝ።

የጋሽ ኪራኮስ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። አቶ ዑቅባዝጊ ጉልበታቸው የታመመ ነው። በየደረጃው እየቆምን፣ በየመቆሚያው «እንመለስ?» እያልኩ፣ «ዝም በይ» እየተባልኩ ወጣን። ርብቃ ከፈተችልን። ጋሽ ኪራኮስ ሹራብ ደርበው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን ቀረህ?» አሉ ሲያዩዋቸው። «በሰው ፊት አዋረድከኝ። አሁን ደግሞ ቤቴ ድረስ?»

«መጀመሪያ ወንበር ስጠኝ። ደረጃህ ገድሎኛል።»

ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ።

«ዋሽተሃል። እሱን አልመልሰውም» አሉ።

«ታዲያ ምን ልትል መጣህ?»

«አለቃዬ ሕንዱ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ታሪኩን ይነግረኝ ነበር። ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚያገባ ሁሉን አውቄ ነው የምገባው። ፊልሙን ብዬ አልነበረም የምመጣው።» ጉልበታቸውን አሹ። «አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ትል ይሆን ብዬ ነው።»

ጋሽ ኪራኮስ ቀና አሉ።

«ታዲያ እንዲህ ከሆነ ለምን…»

«መዋያው በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ነው በድምፅህ ያወቅሁህ። በሰኔ ዘጠና ጦርነቱ ሲነሳ ከቤቴ አውጥተው አውቶቡስ ላይ ሲጭኑኝ፣ የሱቄ ቁልፍ እጄ ላይ ነበር፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ከተማ ነው። ያን ቀን አማርኛ ከአፌ አይወጣም ብዬ ማልኩ። ሃያ ሰባት ዓመት ጠበቅሁት። ከዚያ በኋላ የተወለደችው ልጄ እንኳን አማርኛ እንደምችል አታውቅም። አንተ በአንድ አጎት መሐላዬን አስፈረስከኝ። እንዴት አልናደድ?»

ርብቃ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ጋሽ ኪራኮስ ግድግዳው ላይ ያለውን የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ተመለከቱ። ወታደር ልብስ ለብሷል።

«ቢንያም ይባላል» አሉ። «የርብቃ ታላቅ። በዘጠና አንድ ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። እኔም ከእናንተ ሰው ጋር…»

በዚህ ጊዜ ነው ከታች የመኪና ጎታች ድምፅ የሰማሁት። በመስኮት ሳይ መኪናዬን ያቆምኩበት ቦታ ፈቃድ ላላቸው ብቻ ነው፤ ሰውዬው መንጠቆውን ወደ መኪናዬ እያወረደ ነው። ሦስት ፎቅ እንዴት እንደ ወረድኩ አላስታውስም። ሰውዬውን ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች አሉብኝ አልኩት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ለቀቀኝ። መኪናዬን ሌላ ቦታ አቁሜ ስመለስ፣ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል፤ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ርብቃ ፊትዋን ወደ ግድግዳው አዙራለች። የተባባሉትን አልሰማሁም። ማንም የነገረኝም የለም።

የሰማሁት ጭቅጭቁን ነው።

«እኔ በጆሮህ እነግርሃለሁ፤ አንተ እሱኑ ትላለህ። ከዚያ አትጨምርም።»

«ትንሽ ካልጨመርኩ እንዴት ይሰማል?»

«አጎት አትጨምርም!»

«እሺ አጎት አልጨምርም። ዘመድ ግን…»

«ምንም ዘመድ!»

«ጌቶቼ» አልኩ፣ «መምሸቱ ነው። እኔ ልጆች አሉኝ።» ሁለቱም እንደ አስቸገረ ልጅ አዩኝ።

ሰኞ ጋሽ ኪራኮስ መጡ። የገቡት ጺማቸውን ተላጭተው፣ ክራባት አስረው ነው። ሰው ፊት ቆመው፣ «ሕንድኛ አላውቅም። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ የነበረው አስተርጓሚ ታሞ ቀረና ባለቤቱ ‹አንተ ድምፅ አለህ› ብሎ አቆመኝ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም እንዴት ልበል?» አሉ። ከዚያ ወይዘሮ ልሳነወርቅ፣ «ይልቅ ፊልሙን ይቀጥሉልን» አሉ።

ሁለት ወንበር ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀመጠ። አቶ ዑቅባዝጊ በጆሯቸው ይነግሯቸዋል፤ ጋሽ ኪራኮስ ተነስተው ያንን ደረቅ ቃል ወስደው ሥጋ ያለብሱታል። የወታደሮቹ ድምፅ፣ የልጅቷ ድምፅ፣ የማሽኑ ጩኸት ሳይቀር። ከዚያ አቶ ዑቅባዝጊ በትግርኛ ይደግሙታል፤ ሳያስቡት ድምፃቸው ከፍ እያለ፣ እጃቸው እየተወናጨፈ። በየመሐሉም የጋሽ ኪራኮስን ኮት ይጎትታሉ።

«አልጨምርም ብለሃል!»

«አልጨመርኩም፤ አብራራሁት እንጂ!»

ፊልሙ መጨረሻ ላይ ወታደሮቹ ክርክሩ ሰለቻቸውና ጠመንጃቸውን አስደግፈው፣ ወዲያና ወዲህ ሆነው ፊልሙን ያያሉ። መጋረጃው ባለበት አገር ያሉት ከጀርባ ስለሚያዩ ሁሉ ነገር ግራና ቀኙ ይገለበጥባቸዋል፤ ግራኙ ጀግና በቀኝ እጁ የሚሠራ ይመስላቸዋል፤ በዚህ ደግሞ እንደ አዲስ ይጨቃጨቃሉ። አደይ ለተኪዳን እስኪያልባቸው ሳቁ። ሲያልቅ ሰው አጨበጨበ። ጠረጴዛዎቹ እንዳሉ ነበሩ፤ ማንም አልገፋቸውም። መሐሉ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ግን ወንበር ገብቶበት ነበር፤ በደንብ ለማየት ብለው ነው።

ከዚያ በኋላ ሰላም የመጣ መስሎኝ ነበር። በሳምንት ሦስት ፊልም ነው የጠየቁኝ። ኢክባል ቤቱ ያለውን ሁሉ አምጥቶ ጨረሰ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ቃል ምክንያት ፊልም አስቁመው ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ፤ የስፖርት ሰዓት ያልፋል፤ ነርሷ እኔ ላይ ትጮኻለች፤ የሁለቱም የደም ግፊት ከፍ ብሎ ይገኛል።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የአሌክሳንድሪያው ተጠገነና ሱፐርቫይዘሬ ደወለች። «ከሰኞ ጀምሮ ሰዎቹ ይመለሱ።» አቶ ዑቅባዝጊ አልመለስም አሉ። ኢንሹራንሳቸው የቨርጂኒያ እንደሆነ፣ ሜሪላንድ እኛ ጋ የዋሉት በልዩ ፈቃድ እንደሆነ፣ ፈቃዱም እንዳለቀ አስረዳኋቸው። ጋሽ ኪራኮስ «እኔ ልሂዳ ታዲያ» አሉ። የእሳቸው የሜሪላንድ ነው። እሱም በሁለቱ ግዛቶች መሐል ያለውን ወንዝ አይሻገርም። ሁለቱን አስቀምጬ ሦስት ጊዜ አስረዳሁ። በሦስተኛው ጊዜ አቶ ዑቅባዝጊ ለጋሽ ኪራኮስ፣ «ይህቺ ልጅ ምንድነው የምትለው?» አሉ፤ ጋሽ ኪራኮስም፣ «አልፈልጋችሁም ነው የምትለው» ብለው አስተረጎሙላቸው።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ በስልክ ነው። አሌክሳንድሪያ ያለችው ባልደረባዬ ስልኳን ስፒከር ላይ ታደርጋለች፤ እኔም እዚህ አደርጋለሁ። ፊልሙን እኩል መክፈት አለብን። እኩል ተከፍቶ ግን አያውቅም።

«ሰውዬው ‹አልሄድም› አለ» ይላሉ አቶ ዑቅባዝጊ ከዚያ ማዶ።

«የትኛው ሰውዬ? እዚህ እኮ ገና ዘፈን ላይ ነው!»

«ዘፈኑ አልቋል!»

«እዚህ አላለቀም! ፀዳለ፣ አስሮጪው!»

አስሮጠዋለሁ። ያልፈዋል።

«አሁን ደግሞ አለፍሽው! መልሺው!»

እመልሰዋለሁ። ከማዶ ባልደረባዬ ስታቃስት ይሰማኛል። ባለፈው ሐሙስ ይህን ስናደርግ አርባ ደቂቃ ሄደ፤ ምሳ ቀዘቀዘ፤ ፊልሙ ከመጀመሪያው ትዕይንት አላለፈም። ወይዘሮ ልሳነወርቅ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ «ፀዳለዬ፣ ተይው፤ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ብንሰማ ይሻላል» አሉኝ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁትና ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አደረግሁት። ሰው ሁሉ ምሳውን ይዞ ዙሪያውን ተቀመጠ።